ትንሿን መኪና «አትጎትትም» ያላት ማነው?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 መጀመሪያ ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ሁለት የመኪና ዜናዎች ወጡ። አንደኛው፦ የፕሬዚዳንት ትራምፕ አስተዳደር የመኪኖችን የነዳጅ ቁጠባ መመዘኛ ዝቅ የሚያደርግ ሐሳብ አቀረበ። በ2031 ሞዴል በአማካይ በጋሎን 50 ማይል አካባቢ እንዲደርስ ተወስኖ የነበረው ወደ 34.5 ማይል ይውረድ የሚል ነው። ሁለተኛው፦ እኚሁ ፕሬዚዳንት ጃፓን ያዩአቸውን ጥቃቅን መኪኖች አድንቀው አሜሪካ ውስጥ እንዲመረቱ መፍቀዳቸውን ተናገሩ።

ልብ በሉ። በአንድ በኩል ነዳጅ ቆጣቢ መኪና እንዲሠራ የሚያስገድደው ሕግ ይላላ ይባላል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ትንሽ መኪና ይምጣ ይባላል። ታዲያ የቱን እንመን?

ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ ይነካል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በታክሲና በኡበር ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ እንጀራቸው ደግሞ የተመሠረተው እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ባሉ ነዳጅ በማይበሉ መኪኖች ላይ ነው። ግን ስለ መኪና ስናወራ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ «ፕሪየስ ለሥራ አንደኛ ናት። ልጆች ይዘን ካምፒንግ ብንወጣ፣ ተሳቢ ብንጎትት ግን ምን ታደርግልናለች? ትልቅ መኪና ያስፈልጋል።» ከዚያ በኋላ የሚመጣው የስድስት ወይም የሰባት ዓመት የባንክ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ይህችን «ብንጎትትስ» የምትል ቃል እንመርምራት። ብዙ ገንዘብ እያስወጣች ያለችው እሷ ናትና።

🔹 አንድ መኪና፣ ሁለት አገር

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣችው አራተኛዋ ትውልድ ፕሪየስ አውሮፓ ውስጥ ስትሸጥ ፍሬን ያለው 725 ኪሎ ግራም ተሳቢ እንድትጎትት ተፈቅዶላት ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን ለፕሪየስ የተሰጠ የመጎተት ፈቃድ የለም። በቃ፣ አትጎትትም።

ቮልስዋገን ጎልፍም እንዲሁ ናት። ተራዋ ጎልፍ እስከ 2021 ሞዴል ድረስ አሜሪካ ውስጥ ትሸጥ ነበር፤ አምራቹም እዚህ አገር በጎልፍ ተሳቢ መጎተትን አይመክርም ነበር። ጀርመን ውስጥ ግን በዚያችው በጎልፍ ከ1,000 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ መጎተት የተለመደ ነው። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ሆላንድ ያላችሁ ተከታታዮቻችን ይህን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ የሆላንድ ቤተሰብ በተራ የቤት መኪና ካራቫኑን ጎትቶ ወደ ፈረንሳይ ይወርዳል። ማንም «ፒክአፕ የለህም እንዴ?» ብሎ አይጠይቀውም።

አሜሪካም ብትሆን ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከኋላው ወጥ ቤት ያለው፣ ከውስጡ ሁለት ሰው የሚያስተኛው የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ትንሽ ተሳቢ የተጀመረው እዚሁ አሜሪካ፣ በ1930ዎቹ ነው። ሰው ራሱ ጓሮው ውስጥ በእንጨት እየሠራ በዘመኑ ተራ የቤት መኪና ይጎትተው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንዲት መኪና አትላንቲክን ስትሻገር ጉልበቷን የሚወስድባት ምንድን ነው?

🔹 እውነተኛው ቴክኒካዊ ምክንያት

«ኩባንያዎቹ እያጭበረበሩን ነው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያስረዳው። ልዩነቱ በሁለት ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፤ በፍጥነትና በጫና።

መጀመሪያ ፍጥነት። ጀርመን ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት መኪና የተፈቀደለት 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ልዩ ፈቃድ ሲኖረው 100። እንግሊዝ ውስጥ በትልቁ አውራ ጎዳና እንኳ ከ60 ማይል አያልፍም። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ለሚጎትት መኪና 55 ማይል የሚል ገደብ አላት፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ግን ተሳቢ የሚጎትተውም እንደማንኛውም መኪና 65 እና 70 ማይል መሄድ ይችላል።

ይህ ለምን ለውጥ ያመጣል? የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ70 ማይል ወደ 55 ብትወርዱ ነፋሱ የሚጎትታችሁ ኃይል ወደ 38 በመቶ ይቀንሳል። ከኋላ እንደ ቁም ሳጥን የቆመ ተሳቢ ሲኖር ይህ ቀልድ አይደለም። ትንሿ ሞተርና ካምቢዮዋ በ55 ማይል የሚችሉትን በ70 ማይል ላይ ሊሞቁበትና ሊቃጠሉበት ይችላሉ።

ሁለተኛው ጫና ነው። ተሳቢ በመንጠቆው በኩል የመኪናዋን ጀርባ ወደ ታች ይጫናል። በአሜሪካ የተለመደው መመሪያ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ ይረፍ ይላል። ምክንያቱም በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ከፊቱ የቀለለ ተሳቢ እንደ እባብ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ለማስቆም ከባድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ፍጥነቱ ዝቅ ስላለ ከዚያ ያነሰ ጫና ይበቃል፤ ብዙ ትንንሽ መኪኖች መንጠቆአቸው ላይ የሚችሉት 75 ኪሎ አካባቢ ነው። በአሜሪካው ስሌት ለ1,000 ኪሎ ተሳቢ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ያስፈልጋል። የትንሿ መኪና ጀርባ ያንን አይችልም።

ስለዚህ «አውሮፓ ውስጥ 725 ኪሎ ትጎትታለች አሉ» ብሎ አሜሪካ ውስጥ ፕሪየስ ላይ መንጠቆ አስገጥሞ በ70 ማይል መብረር ሞኝነት ነው። ያ ቁጥር የተሰጠው ከዝግታው ጋር ነው። ደግሞ የአምራቹ መጽሐፍ «አትጎትት» እያለ አደጋ ቢደርስ ወይም ካምቢዮው ቢቃጠል ከኢንሹራንሱም ከዋስትናውም ጋር የምትከራከሩት እናንተ ናችሁ። በተለይ መኪናዋ የዕለት እንጀራችሁ ከሆነች አትሞክሩት።

🔹 ግን ደግሞ ገበያው አለ

አሁን ወደ ሌላኛው ግማሽ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ትንሽ መኪና ለመጎተት ቀርቶ ለመግዛትም እየጠፋች ነው። ዝርዝሩን ተመልከቱ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 ከማስታንግ በቀር የቤት መኪኖችን በአሜሪካ ገበያ እንደሚያቆም አስታወቀ። ሆንዳ ፊትና ቶዮታ ያሪስ በ2020 ከአሜሪካ ወጡ። ሼቭሮሌ ስፓርክና ሃዩንዳይ አክሰንት በ2022፣ ኪያ ሪዮ በ2023፣ ሚትሱቢሺ ሚራዥ በ2024 ተከተሉ። ዛሬ ከሚሸጡት አምስት አዳዲስ መኪኖች አራቱ ያህል ኤስዩቪ፣ ፒክአፕ ወይም ቫን ናቸው። የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋም በ2025 መስከረም ላይ 50,000 ዶላርን ተሻገረ።

ይህ የሸማቹ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የሕግ እጅም አለበት።

የነዳጅ ቁጠባ ሕጉ የወጣው በ1975፣ ከ1973ቱ የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ነው። ሲወጣ ለቤት መኪናና ለ«ቀላል ጭነት መኪና» የተለያየ መመዘኛ አስቀመጠ፤ ለጭነት መኪና ቀለል ያለ። ያኔ ጭነት መኪና ማለት ገበሬና ግንበኛ የሚነዳው ነበር። በኋላ ግን ኤስዩቪዎችም በዚያው በር ገቡ። ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ መመዘኛው በመኪናዋ ስፋት እንዲለካ ተደረገ፤ በአራቱ ጎማዎች መካከል ያለው ቦታ በሰፋ ቁጥር የሚጠበቅባት ቁጠባ ይቀንሳል። ምን ማለት ነው? ትንሿ መኪና ከባድ ፈተና ተሰጣት፤ ትልቋ ቀላል ፈተና። ለአምራቹ መኪናውን ቆጣቢ ከማድረግ ይልቅ ትልቅ ማድረግ አዋጭ ሆነ።

በዚህ ላይ የዶሮዋ ታሪክ አለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ አገሮች በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲጨምሩ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በአጸፋው ከውጭ በሚገቡ ቀላል ጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ከ1964 መጀመሪያ ጀምሮ የጸና ነው። የዶሮው ጠብ ተረስቷል፤ ቀረጡ ግን እስካሁን አለ። በሌላው ዓለም የሚነዱት ትንንሽ ፒክአፖች አሜሪካ ውስጥ የማይታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ውድድር በሌለበት ገበያ ትልቁ ፒክአፕ የኩባንያዎቹ ዋና የትርፍ ምንጭ ሆነ።

ታዲያ ትልቁን ፒክአፕ ለከተማ ሰው እንዴት ትሸጥለታለህ? በማስታወቂያው ታሳየዋለህ፦ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ከኋላ ጀልባና ተሳቢ። ሰውየው የሚገዛው ያንን ቅዳሜ ነው። የሚነዳው ግን ሰኞ ጠዋት፣ ብቻውን፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ነው።

እኛ ሐበሾች ደግሞ ለዚህ ማስታወቂያ ሩቅ አይደለንም፤ እንተማመን። አገር ቤት «ቪኤይት» ማለት መኪና ብቻ አልነበረም፤ ሥልጣን ነበር። ትልቅ ሰው በትልቅ መኪና ይሄዳል። በሌላ በኩል ግን ያው የአዲስ አበባ ሰው በሰማያዊ ላዳ ጣሪያ ላይ ፍራሽና ቁም ሳጥን ጭኖ፣ ውስጡ ቤተሰብ ሞልቶ ቤት ሲቀይር የኖረ ነው። ትንሽ መኪና ምን እንደምትችል የሚያስተምረን አያስፈልግም ነበር።

🔹 እስቲ በቁጥር እንየው

ነገሩን ቀለል እናድርገው። ፕሪየስ በጋሎን 50 ማይል ትሄዳለች እንበል፤ ትልቁ ፒክአፕ 20። ቤንዚኑን በጋሎን 3 ዶላር እንያዘው። ዋጋው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሲጨምር ልዩነቱ ይብሳል።

በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ሰው፦ ፕሪየስ 300 ጋሎን፣ ፒክአፑ 750 ጋሎን። ልዩነቱ 450 ጋሎን፣ ማለትም 1,350 ዶላር።

በዓመት 40,000 ማይል ለሚነዳ የኡበር ሾፌር፦ 800 ጋሎን እና 2,000 ጋሎን። ልዩነቱ 3,600 ዶላር። በአምስት ዓመት 18,000 ዶላር ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነዳጁ ብቻ ነው። የመግዣው ወለድ፣ ኢንሹራንሱና የጎማው ዋጋ ገና አልተነኩም። ሁሉም ለምን? በዓመት ለስድስት ቀን ካምፒንግ ከሆነ፣ ስድስት ቀን ከ365ቱ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። 98 በመቶውን ጊዜ የምትከፍሉት ለማትጎትቱት ተሳቢ ነው።

🔹 ታዲያ ካምፒንግ ይቅር?

በጭራሽ። ከዲሲ 75 ማይል ያህል ርቆ የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በተራራው ጫፍ የሚሄደው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ሲሆን የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው። ልጆች እዚያ አንድ ሌሊት ቢያድሩ ዓመቱን ሙሉ ያወሩታል። ዕዳ ውስጥ ሳይገባ የሚሄድበት መንገድ አለ፦

1ኛ. ድንኳን። ፕሪየስም ሆነች ኮሮላ ለአራት ሰው ድንኳን፣ ብርድ ልብስና ጀበና ይዛ ትሄዳለች። ለጀማሪ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለም። ልጆቹ ካልወደዱት የከሰራችሁት የድንኳን ዋጋ ነው።

2ኛ. የቆመ ተሳቢ መከራየት። ባለቤቱ ራሱ ካምፑ ድረስ ጎትቶ አምጥቶ፣ አስተካክሎ አቁሞላችሁ የሚሄድበት የኪራይ ዓይነት አለ። እናንተ በትንሿ መኪናችሁ ደርሳችሁ መተኛት ብቻ ነው።

3ኛ. ለዚያ ሳምንት ብቻ ፒክአፕ መከራየት። እዚህ ላይ ውሉን አንብቡ። ብዙ ተራ የመኪና አከራዮች መጎተትን ይከለክላሉ። ለጭነትና ለመጎተት ተብሎ የሚከራየውን ጠይቁ።

4ኛ. የግድ የራሳችንን እንጎትታለን ካላችሁ፣ ቆጣቢም ሆና አሜሪካ ውስጥ የመጎተት ፈቃድ ያላትን ምረጡ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2019 በኋላ የነበረችው ራቭፎር ሃይብሪድ በጋሎን 40 ማይል ገደማ እየሄደች 1,750 ፓውንድ፣ ማለትም 794 ኪሎ ያህል እንድትጎትት ተፈቅዶላታል። ፎርድ ማቬሪክ ሃይብሪድ በመደበኛው 2,000 ፓውንድ ይጎትታል። ማቬሪክ በ2022 ሞዴል ገበያ ሲገባ መነሻ ዋጋው ከ20,000 ዶላር በታች ነበር፤ ያ ዋጋ ዛሬ የለም። ግን መሠራቱ ራሱ አንድ ነገር ያሳያል፦ ሲፈልጉ ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸወድበት እዚህ ነው። የተሳቢ ሻጭ የሚነግራችሁ የባዶውን ክብደት ነው። እስቲ 500 ኪሎ የሚመዝን ባዶ ተሳቢ እንያዝ። 75 ሊትር ውኃ ስትሞሉበት 75 ኪሎ ይጨምራል። የጋዝ ሲሊንደሩ 17 ኪሎ፣ ባትሪው 25 ኪሎ፣ ምግቡ፣ ዕቃውና ፍራሹ 60 ኪሎ። ድምሩ 677 ኪሎ። መኪናችሁ የተፈቀደላት 1,500 ፓውንድ ከሆነ፣ ያ 680 ኪሎ ነው። የቀራችሁ ሦስት ኪሎ!

ከዚያም መንጠቆው ላይ የሚያርፈው 70 ኪሎ ገደማ የሚቆጠረው ከመኪናዋ ጭነት ነው። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከስንት ፓውንድ እንዳያልፍ ይናገራል። በትንንሽ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ አካባቢ ነው። አምስት አዋቂ ሰው በ75 ኪሎ 375 ሆነ። መንጠቆውን ስትደምሩበት አለፈ። ስለዚህ የሚጎትት ቤተሰብ ሙሉ መኪና ሆኖ መጎተት አይችልም ማለት ነው። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም።

ፍሬንንም አትርሱ። አውሮፓ ውስጥ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ግዴታውን የሚጀምሩት ከ3,000 ፓውንድ በላይ ነው። ሕጉ አላስገደደንም ብላችሁ በትንሽ መኪና ፍሬን የሌለው 600 ኪሎ ከኋላ ይዛችሁ ከተራራ አትውረዱ። ሕጉን ሲጽፉ የታሰባቸው ትልቁ ፒክአፕ ነው።

🔹 ወደ ዜናው እንመለስ

የጃፓኖቹ ጥቃቅን መኪኖች «ኬይ» ይባላሉ። ሞተራቸው ከ660 ሲሲ፣ ርዝመታቸው ከ3.4 ሜትር፣ ስፋታቸው ከ1.48 ሜትር አያልፍም። ጃፓን ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ሲሶ ያህሉ እነሱ ናቸው። ጃፓኖች ተሳቢ ሳይፈልጉ መኪናዋን ራሷን መኝታ አድርገው ካምፒንግ ይወጡባታል። ጃፓን ውስጥ ኬይ የበዛችው ግን ፕሬዚዳንት ስላደነቃት አይደለም። መንግሥት ለአሥርት ዓመታት ለትንሿ መኪና የግብርና የኢንሹራንስ ቅናሽ ስለሰጣት ነው። ሕጉ ትንሿን ደገፈ፤ ሰው ትንሿን ገዛ።

አሜሪካ ውስጥ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። በጁላይ 2025 በጸደቀው ትልቅ ሕግ የነዳጅ ቁጠባ መመዘኛውን የሚጥስ አምራች የሚከፍለው ቅጣት ወደ ዜሮ ዶላር ወረደ። ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አበቃ። የዶሮው ቀረጥ ባለበት አለ። በዚህ ሁኔታ «ትንሽ መኪና ሥሩ፣ ፈቅጃለሁ» ማለት ብቻውን የትኛውን አምራች ያንቀሳቅሰዋል? ከትልቁ ፒክአፕ የሚያገኘውን ትርፍ ትቶ ለምን ወደ ትንሿ ይመጣል? እኛ ምክንያቱ አልታየንም።

የሚጎዳውም በመጀመሪያ ደረጃ ሀብታሙ አይደለም። አዲስ ሚራዥ ወይም ያሪስ በርካሽ ገዝቶ ሥራ ይጀምር የነበረው አዲስ መጪ ነው። ዛሬ አዲስ ነገር ሲያምረው ፊቱ የሚቀርብለት ትልቅና ውድ ነው። አሮጌ ፕሪየስ ፍለጋ ሲሄድም ተፎካካሪው በዝቷል።

ሕጉን እኛ አንቀይረው ይሆናል፤ ዜግነት ያላችሁና የምትመርጡ ግን ለእንደራሴያችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሌላው ነገር በእጃችን ያለ ነው። ቀጣዩን መኪና ከመፈረማችሁ በፊት ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ተሳቢ እንደጎተታችሁ ቁጠሩ። መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ ሻጩ ስለ መጎተት ሲያወራ ፈገግ ብላችሁ ስለ ነዳጁ ጠይቁት።

እናንተስ? በትንሽ መኪና ካምፒንግ የወጣችሁ፣ በተለይ አውሮፓ ሆናችሁ ተሳቢ የምትጎትቱ ካላችሁ፣ በምን መኪና፣ ስንት ኪሎ፣ በስንት ፍጥነት እንደሆነ አካፍሉን።